ከቤታችን ጀርባ የመዝናኛ ፓርክ ሊሠራ ነው፤ ማዘጋጃ ቤቱ ምኑን ይመረምራል?

ጥያቄ፦ ከቤታችን ጀርባ ባለው ሰፊ ባዶ መሬት ላይ አንድ ባለሀብት የመዝናኛ ፓርክ ሊሠራ ነው። መዋኛ ገንዳ፣ የልጆች መጫወቻ፣ ካፌ እና «የዝግጅት ሜዳ» ይኖረዋል ተብሏል። ማዘጋጃ ቤቱ ማመልከቻውን እያየው ነው፤ ከሦስት ሳምንት በኋላም ነዋሪውን ለውይይት ጠርቷል። ጎረቤቶቼ ግማሾቹ ደስ ብሏቸዋል፣ ግማሾቹ ተናደዋል። እኔ መሀል ላይ ነኝ። ለመሆኑ የሚመረመረው ምንድን ነው? ሄጄ ብናገርስ የሚለወጥ ነገር አለ ወይስ ነገሩ ያለቀለት ነው?

ምላሽ፦

አላለቀም። ነዋሪ ለውይይት ከተጠራ ውሳኔው ገና ጠረጴዛ ላይ ነው። ግን አንድ ነገር ከአሁኑ ልንገርዎት። «ፓርኩ ይሠራ ወይስ አይሠራ» ብለው ከሄዱ ብዙውን ጊዜ ባዶ እጅዎን ይመለሳሉ። «ከተሠራ በምን ግዴታ?» ብለው ከሄዱ ግን ብዙ ነገር ማስለወጥ ይችላሉ። እኔ ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ ተቀምጬ እንዲህ ያሉ ማመልከቻዎችን ለዓመታት መርምሬያለሁ። መርማሪውን የሚያግዘው ሁለተኛው ዓይነት ሰው ይዞት የሚመጣው ወረቀት ነው።

በመጀመሪያ የሚፈቀደው ምን እንደሆነ እንያዝ። በብዙ አገሮች የልማት ፈቃድ ከመሬቱ ጋር የሚሄድ ነው። ባለሀብቱ ነገ ፓርኩን ሸጦ ቢሄድ ፈቃዱ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ «ሰውየው ጥሩ ሰው ነው፣ ቃሉን ያከብራል» የሚለው ክርክር ብዙም አያስኬድም። «ሰውየው ክፉ ነው» የሚለውም እንደዚያው። ቀጣዩ ገዢ ማን እንደሚሆን ማንም አያውቅም። ያ ገዢ የሚረከበው ወረቀት ላይ የሰፈረውን ብቻ ነው።

ወረቀት ስል ግድግዳ ላይ የሚለጠፈውን ባለቀለም ሥዕል ማለቴ አይደለም። ሥዕሉ ላይ ሁልጊዜ ፀሐይ አለ። ልጆች ፊኛ ይዘዋል። ፓርኪንጉ ውስጥ አራት መኪና ብቻ ቆሟል። ዛፎቹ ደግሞ ገና በመክፈቻው ቀን የሃያ ዓመት ዛፍ ያክላሉ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ዛፎቹን በነጭ ማጥፊያ እየሸፈነ «እስኪ አሁን ያምራል?» ይለን ነበር። ሥዕሉ ማንንም አያስገድድም። የሚያስገድዱት የጸደቀው ሳይት ፕላን (በቦታው ላይ ምን የት እንደሚሠራ የሚያሳየው ንድፍ)፣ ከሱ ጋር የተያያዙት ጥናቶች እና ፈቃዱ ላይ የተዘረዘሩት ግዴታዎች ናቸው። ሦስት ሳምንት አለዎት። ሄደው ፋይሉን ይጠይቁ። ኮፒ ከከለከሏችሁ እዚያው ቁጭ ብላችሁ ተካፍላችሁ አንብቡት።

መርማሪ መጀመሪያ የሚያየው ቦታው በከተማው ፕላን ላይ ለምን አገልግሎት እንደተመደበ ነው። ለመዝናኛ ከተመደበ ክርክሩ ጠባብ ነው። ለመኖሪያ ወይም ለእርሻ ከሆነ መጀመሪያ ፕላኑ ራሱ መሻሻል አለበት፤ ያ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የምክር ቤት ድምፅ የሚጠይቅ ከበድ ያለ ውሳኔ ነው። የተናደዱት ጎረቤቶችዎን አንድ ነገር ይጠይቋቸው። ይህ ፓርክ ቢቀር በዚያ መሬት ላይ አሁን ባለው ፕላን ምን መሥራት ይቻላል? መጋዘን? ጋራዥ? ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ? ባዶ መሬት ባዶ ሆኖ ይኖራል ብሎ ማሰብ ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነገር ነው።

ቀጥሎ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አለ። ሐሳቡ እ.ኤ.አ. በ1970 (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶችም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በሥራ ላይ ከዋለው የአሜሪካ ሕግ ተነስቶ ዓለምን አዳርሷል። የ1992ቱ የሪዮ መግለጫም 17ኛ መርሁ ላይ አስፍሮታል። ዛሬ አብዛኛው አገር የራሱ ሕግ አለው። እርስዎ ማየት ያለብዎት ቀላል ነገር ነው፦ ፕሮጀክቱ ተቆራርጦ ቀርቧል ወይ? «ምዕራፍ አንድ፦ የልጆች መጫወቻና ካፌ» ብቻ ተጠንቶ፣ «ምዕራፍ ሁለት» ላይ ሆቴልና ኮንሰርት ከመጣ፣ እያንዳንዱ ቁራጭ ለብቻው ሲታይ ትንሽ ነው። ተጽዕኖው ግን የሚመጣው ከድምሩ ነው። ሳይት ፕላኑ ላይ «ለወደፊት ማስፋፊያ» የሚል ነጭ ቦታ ካዩ ጣትዎን እዚያ ላይ ያድርጉ።

አሁን ወደ መንገዱ እንምጣ፤ እኔ መጀመሪያ የምገልጠው የትራፊክ ጥናቱን ነው። የመኪና ቆጠራው በየትኛው ቀን ተደረገ? ማክሰኞ ጠዋት የተቆጠረ መንገድ ስለ መዝናኛ ፓርክ ምንም አይነግረንም። ፓርክ የሚሞላው በእረፍት ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ጥናቱ ያንን ሰዓት ካልያዘ ይመለስና ይታረም ማለት ይቻላል። መርማሪውም ደስ ብሎት ይመልሰዋል።

ከዚያ በሩን ይመልከቱ። አዎ፣ በሩን። ትኬት ቆራጭ አንድ መኪና ለማስተናገድ 30 ሰከንድ ይፈጅበታል እንበል። በአንድ በር በሰዓት 120 መኪና ይገባል ማለት ነው። በዚያው ሰዓት 300 መኪና ከመጣ 180ው ውጭ ቆሟል። አንድ መኪና ከክፍተቱ ጋር 7 ሜትር ቢይዝ ሰልፉ 1,260 ሜትር ይሆናል። ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ! ይህ ሰልፍ የት ይቆማል? የእናንተ መግቢያ ላይ? ሳይት ፕላኑ ላይ ከዋናው መንገድ እስከ ትኬት መቁረጫው ያለውን ርቀት በማስመሪያ ይለኩት፤ ንድፉ በስንት እጥፍ እንደተቀነሰ የሚነግረው ስኬል ጥግ ላይ ተጽፏል። 40 ሜትር ከሆነ ስድስት መኪና ገደማ ነው የሚይዘው። መፍትሔው ከባድ አይደለም። ትኬት መቁረጫውን ወደ ውስጥ ማስገባት፣ በሮቹን ሦስት አራት ማድረግ፣ ወይም ትኬቱ ከፓርኪንግ በኋላ በእግር እንዲቆረጥ ማድረግ ነው። ይህን ዛሬ ወረቀት ላይ ማዛወር ለአልሚው በጣም ርካሽ ነው። አስፋልቱ ከፈሰሰ በኋላ ግን ማንም አያዛውረውም።

አምቡላንስና የእሳት አደጋ መኪና በዚያ ሰልፍ መሀል እንዴት እንደሚያልፉም ይጠይቁ። ሁለተኛ መግቢያ ከሌለ ፋይሉ ገና አልበሰለም።

ድምፅ ላይ ትንሽ ልቆይ። በኋላ እንቅልፍ የሚነሳው እሱ ነው፤ እኔም የተሸወድኩት በሱ ነው።

ድምፅ በዴሲቤል ሲለካ ቁጥሮቹ እንደ ኪሎ አይደመሩም። በ10 ዴሲቤል ሲጨምር ለጆሯችን እጥፍ ያህል ይጮሃል። ክፍት ሜዳ ላይ ከአንድ ቦታ የሚወጣ ድምፅ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር 6 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል። ከድምፅ ማጉያው 10 ሜትር ላይ 95 ዴሲቤል ከሆነ፣ 20 ሜትር ላይ 89፣ 40 ላይ 83፣ 80 ላይ 77፣ 160 ላይ 71፣ 320 ሜትር ላይ 65 ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ1999 ባወጣው መመሪያ ሌሊት ከመኝታ ቤት መስኮት ውጭ ከ45 ባይበልጥ ይመክራል። በ65 እና በ45 መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ይመስላል። ለጆሮ ግን አራት እጥፍ ነው። ግድግዳ፣ ሕንፃና ኮረብታ ይቀንሱታል፤ ንፋስ ወደ እናንተ ከነፈሰ ደግሞ ይብሳል። ዛፍ ብዙም አይረዳም። አንድ መስመር ዛፍ ዓይን ይጋርዳል እንጂ ድምፅ አይጋርድም፤ ስለዚህ «አረንጓዴ አጥር እንተክላለን» ሲሏችሁ አመስግኑና ጥያቄውን ቀጥሉ።

ሌላም አለ። የተለመደው መለኪያ የሰውን ጆሮ እንዲመስል ስለተሠራ ወፍራሙን የቤዝ ድምፅ አሳንሶ ያነበዋል። ሌሊት መስኮት የሚያንቀጠቅጠው ግን ቤዙ ነው። ባለሙያዎች የመጀመሪያውን የ«ኤ» ሚዛን ይሉታል፤ ቤዙን የበለጠ የሚይዝ የ«ሲ» ሚዛን አለ። «ለሙዚቃ ዝግጅት ገደቡ በሁለቱም ይቀመጥ» ብለው ይጻፉ። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ያየ የድምፅ ባለሙያ ቀና ብሎ ያይዎታል።

እኔ የተሸወድኩት እንዲህ ነው። ገና ጀማሪ ሳለሁ የአንድ መናፈሻ ፋይል መርምሬ ፈረምኩ። ሰነዱ «ሜዳው ላይ አልፎ አልፎ ዝግጅት ሊካሄድ ይችላል» ይላል። አየሁት፣ አለፍኩት። ፓርኩ ተከፈተ። ከአንድ ዓመት በኋላ ነዋሪዎች ቢሮ ድረስ መጡ፤ አንዲት እናት የልጃቸውን ደብተር ይዘው ነበር፣ በየቀኑ የተኙበት ሰዓት ተጽፎበታል። ሥራ አስኪያጁን ጠራነው። ሰውየው ቅር እንኳ ሳይለው «አልፎ አልፎ ነው እኮ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ» አለ። ምን ይባላል? እኔው የፈረምኩት ቃል ነው። «በዓመት ከ12 ቀን የማይበልጥ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት በፊት የሚያበቃ» ብዬ አስጽፌ ቢሆን ኖሮ በአንድ ደብዳቤ ያልቅ ነበር።

ስለዚህ የእናንተን ፋይል ሲያነቡ እነዚህን ቃላት በእስክሪፕቶ ይክበቡ፦ «አልፎ አልፎ»፣ «እንደ አስፈላጊነቱ»፣ «በተቻለ መጠን»፣ «ተመጣጣኝ»፣ «የመሳሰሉት»። እያንዳንዱ ክብ ውስጥ ቁጥር መግባት አለበት። ስንት ቀን፣ እስከ ስንት ሰዓት፣ ስንት ሰው፣ ስንት ዴሲቤል፣ የት ተለክቶ? «የዝግጅት ሜዳ» የሚለው ራሱ ትርጉም ያስፈልገዋል። የልደት ድግስ ነው ወይስ የአምስት ሺህ ሰው ኮንሰርት?

ወደ ውሃው እንሂድ። አሁን ያ መሬት ሳርና አፈር ነው፤ ዝናቡን ይጠጣል። 400 መኪና የሚይዝ ፓርኪንግ መተላለፊያውን ጨምሮ አንድ ሄክታር ያህል ይፈልጋል። በአንድ ከባድ ዝናብ 40 ሚሊ ሜትር ቢጥል፣ አንድ ሄክታር ላይ 400 ሜትር ኩብ ውሃ ወረደ ማለት ነው። አስፋልት ከዚህ ዘጠና በመቶ ያህሉን ወደ ታች ይለቀዋል፤ 360 ሜትር ኩብ። አሥር ሺህ ሊትር በሚይዝ ቦቴ 36 ቦቴ ነው። ይሄ ሁሉ ውሃ ወዴት ይሄዳል? የእናንተ ቤት ከቦታው ዝቅ ይላል? ካርታው ላይ የከፍታ መስመሮቹን ይከተሉ፤ ካልገባዎት ደግሞ በሚቀጥለው ዝናብ ጃንጥላ ይዘው ይውጡና ውሃው ራሱ ያሳይዎታል። በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። እንዲህ ያለ ፎቶ ከአሥር ገጽ አቤቱታ የበለጠ ሲሠራ አይቻለሁ። ከአልሚው የሚጠበቀው ውሃውን ግቢው ውስጥ ይዞ ቀስ ብሎ የሚለቅ ኩሬ፣ ወይም ውሃ የሚያሰርግ ንጣፍ ነው።

መዋኛ ገንዳው የራሱ ጣጣ አለው። 25 ሜትር በ12.5፣ አማካይ ጥልቀቱ 1.6 የሆነ ገንዳ 500 ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል። ውሃው ከየት ይመጣል? ከከተማው መስመር ከሆነ በእናንተ ቧንቧ ላይ ምን ያደርጋል? ጉድጓድ ተቆፍሮ ከሆነ የጎረቤት ጉድጓድስ? ገንዳው ሲለቀቅና ማጣሪያው ሲታጠብ የሚወጣው ክሎሪን ያለው ውሃ ነው። ክሎሪኑ ሳይወገድ ወንዝ ከገባ ዓሣ ይፈጃል። ሰነዱ ላይ «ወደ ነባሩ መስመር ይለቀቃል» ከተባለ፣ ነባሩ መስመር የትኛው እንደሆነ ካርታ ላይ ያሳዩን ይበሉ። አንዳንዴ ነባሩ መስመር የሚባለው የመንገድ ዳር ቦይ ሆኖ ይገኛል።

መብራት፣ ቆሻሻ፣ ጄኔሬተር፣ መፀዳጃ ቤት በአጭሩ ይታያሉ። መብራቱ ወደ ታች ብቻ የሚያበራና ዙሪያው የተሸፈነ ይሁን፤ ቀለሙ ከ3,000 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ብርሃኑ ወደ ቢጫ ያደላል) አይብለጥ፤ ከመዝጊያ ሰዓት በኋላም ይጥፋ። ጄኔሬተሩ በፕላኑ ላይ የት እንዳለ ያግኙት፤ ከእርስዎ አጥር ጋር የተጠጋው እሱ ሊሆን ይችላል።

የሚሽከረከሩና የሚንሸራተቱ መጫወቻዎች ካሉ ግን በአጭሩ አይታለፉም። እዚህ ዋናው ጥያቄ ማን ይፈትሻቸዋል የሚለው ነው። አሜሪካ ካንሳስ ውስጥ በ2014 ፈሩክት የተባለ 51 ሜትር ከፍታ ያለው የውሃ ላይ መንሸራተቻ ተከፍቶ ነበር፤ በዓለም ረጅሙ ተብሎለታል። በ2016 አንድ የ10 ዓመት ልጅ ሞተበት። በወቅቱ የግዛቱ ሕግ ፍተሻውን በአብዛኛው ለፓርኮቹ የተወ ነበር። ሕጉ የጠበቀው በቀጣዩ ዓመት ነው፤ መንሸራተቻውም በ2018 ፈረሰ። ለመጫወቻ ማሽኖች ዓለም አቀፍ ደረጃ አለ፤ ቁጥሩ አይሶ 17842 ነው። ፈቃዱ ላይ የትኛው ደረጃ እንደሚከበርና ፍተሻው ከባለቤቱ ነፃ በሆነ ባለሙያ በየስንት ጊዜው እንደሚደረግ መጻፍ አለበት።

ይህን ሁሉ ጠይቀው አልሚው ሁሉንም ይሸከም ማለት ግን አይቻልም። ግዴታ ሲጣል ከጉዳቱ ጋር መያያዝና መመጣጠን አለበት። በአሜሪካ ታይጋርድ የተባለች ከተማ ሱቅ ማስፋት የፈለገችን ባለቤት ከመሬቷ ላይ ለብስክሌት መንገድና ለአረንጓዴ ቦታ እንድትሰጥ አዛ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1994 ከተማዋ ግዴታው ከማስፋፊያው ጉዳት ጋር መመጣጠኑን አላሳየችም አለ። የእንግሊዝ አሠራር ደግሞ እያንዳንዱን ግዴታ በስድስት ጥያቄ ይፈትነዋል፤ ግልጽ ነው ወይ እና ማስፈጸም ይቻላል ወይ የሚሉት ከነሱ ውስጥ ናቸው። ስለዚህ «ለሰፈሩ ትምህርት ቤት ይሥራልን» ዓይነት ጥያቄ ይዘው አይሂዱ። «በሩ ላይ ለሚፈጠረው ሰልፍ የራሱን መታጠፊያ መስመር ይሥራ» ይበሉ። የመጀመሪያው ልመና ነው። ሁለተኛው ደግሞ ፓርኩ ራሱ ያመጣው ጣጣ ስለሆነ መርማሪው እንዳለ ገልብጦ ግዴታዎቹ ውስጥ ሊያስገባው ይችላል።

«የኔ መናገር ዋጋ አለው ወይ?» ላሉት፣ በ1993 ዲዝኒ ኩባንያ በቨርጂኒያ ግዛት ታሪክን መሠረት ያደረገ ትልቅ ፓርክ ሊሠራ መሆኑን አሳወቀ። የግዛቱ ምክር ቤት ለመንገድና ለመሳሰለው ከ160 ሚሊዮን ዶላር በላይ አጽድቆለት ነበር። በርካታ የአካባቢው ባለሥልጣናትም ደጋፊ ነበሩ። ነዋሪዎችና የታሪክ ምሁራን ስለ ትራፊኩ፣ ስለ ከተማ መስፋፋትና በቅርብ ስላለው የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የማናሳስ የጦር ሜዳ ተከራከሩ። በመስከረም 1994 ኩባንያው ራሱ ተወው። ግን ይህን ሰምተው አይሞቁ። እንዲህ ያለው ድል ብርቅ ነው፤ አገር የሚያውቀው የጦር ሜዳም ከጓሮዎ የለም። የእናንተ ዓይነቱ ፋይል አብዛኛውን ጊዜ የሚያበቃው «በቅድመ ሁኔታ ጸድቋል» በሚል ነው፤ ፍልሚያውም ቅድመ ሁኔታዎቹ ላይ ነው።

በውይይቱ ቀን ለያንዳንዱ ሰው የሚሰጠው ደቂቃ ትንሽ ነው። ሃያ ሰው ተነስቶ «እንቃወማለን» ከሚል አራት ሰው ተከፋፍሎ ቢናገር ይሻላል፦ አንዱ በሩን፣ አንዱ ድምፁን፣ አንዱ ውሃውን፣ አንዱ የዝግጅት ቀኖቹን። የቤቴ ዋጋ ይወርዳል፣ የኔን ካፌ ገበያ ይሻማል የሚሉ ክርክሮች በብዙ ቦታ ክብደት አይሰጣቸውም፤ ጊዜዎን አይብሉ። ደስ ያላቸውን ጎረቤቶችም ይዘው ይሂዱ። «ፓርኩን እንፈልገዋለን፣ ግን በነዚህ አምስት ግዴታዎች» የሚል ሰው ሲናገር ምክር ቤቱ ጆሮ ይሰጣል። ከምክር ቤት አባላት መካከል በመሬቱ ወይም በፕሮጀክቱ ጥቅም ያለው ካለ ከውሳኔው እንዲነሳ በጨዋ ቋንቋ ይጠይቁ።

አልሚው መድረክ ላይ ጥሩ ነገር ይናገራል። «ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ሙዚቃ አይኖርም» ይላል፤ ይጨበጨብለታል። እርስዎ ያኔ እጅዎን ያውጡና «ይህ በቃለ ጉባኤው ተይዞ በፈቃዱ ላይ እንደ ግዴታ ይግባልን» ይበሉ። ከልቡ ከሆነ አይቃወምም። ቢያቅማማ ደግሞ አዳራሹ ሁሉ ያየዋል።

ሦስት ነገሮች ግዴታዎቹ ውስጥ እንዳይረሱ። አንደኛ፣ የድምፅና የትራፊክ ልኬት ፓርኩ ከተከፈተ በኋላ በስድስት ወርና በዓመቱ በአልሚው ወጪ፣ ግን ማዘጋጃ ቤቱ በሚመርጠው ባለሙያ ይደረግ። ሁለተኛ፣ ነዋሪ ሌሊት ሲደውል የሚያነሳ ሰው ስልክ ይኑር፣ አቤቱታውም ይመዝገብ። ሦስተኛ፣ መንገዱና የጎርፍ ኩሬው ሳያልቁ በሩ አይከፈት። መክፈቻው ቀን ከነሱ ጋር ካልታሰረ ሁልጊዜ «በቅርቡ» ነው የሚሠሩት።

ለቃል ብቻ አይሂዱ። የሚናገሩትን በሁለት ገጽ ጽፈው፣ የዝናቡን ቀን ፎቶና የበሩን ሒሳብ አያይዘው ከውይይቱ አንድ ሳምንት ቀደም ብለው መዝገብ ቤት ያስገቡ። ውሳኔው ካልተስማማዎት ይግባኝ ሲጠይቁ አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ፋይሉ ውስጥ የነበረው ነው፤ የይግባኝ ጊዜውም በቀናት ነው የሚቆጠረው። ሲያስገቡ ሁለት ኮፒ ይዘው ይሂዱ። አንዱን ይሰጣሉ፣ ሌላው ላይ ቀንና ማህተም አስመትተው ቤትዎ ያስቀምጣሉ።